ማሳረጊያው የተከፈተ ዕለት

ፈሪ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልናገረውና ይውጣልኝ። እናቴ “ፈሪ ለእናቱ” እያለች ስትስመኝ ነው ያደግኩት፤ ኩዌት ስመጣም ፍርሃቴን ደሴ ጥዬው አልመጣሁም። አቃማዬ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኪሴ ውስጥ እያለ እንኳ ሹርጣ ባየሁ ቁጥር ኪሴን እደባብሳለሁ። ግን ከፖሊሱም፣ ከአሠሪዬ ከማዳምም፣ ከዚያ ዓለሙን ሁሉ ቤት ካስገባው በሽታም ይልቅ የምፈራው ለዐይኔ ነው። ሩማይሲያ በሚባል ሰፈር የአንድ ትልቅ ቤት ሹፌር ነኝ። ሹፌር ጥርሱ ቢረግፍ ይነዳል፤ ሚስቱ ብትፈታው ይነዳል። ዐይኑ ከጠፋ ግን የሚቀረው ወደ አገሩ መሸኘት ብቻ ነው።

ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በሽታው ከመግባቱ በፊት ጀህራ ውስጥ መጋዘን የሚጠብቅ ያገራችን ሰው ነበር። ከማን እንደገዛው ያልታወቀ አረቄ ጠጥቶ ተኛ። በማግስቱ ልጠይቀው ስሄድ የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ድምፄን ሲሰማ፣ “ዛሬ ደግሞ መብራት ጠፍቷል እንዴ?” አለኝ። እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በኋላ አገሩ ሲሸኝ አየር ማረፊያ ድረስ ክንዱን ይዤ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ደረጃ ጋ በደረስን ቁጥር “ደረጃ ነው” እለዋለሁ፤ እሱም እግሩን ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጎ ያነሳል። ያ አረማመዱ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ፈሪ መጠጥ ቅምሻ ምን ሊሠራ ገባ ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ያስገባችኝ እትዬ ናት።

እትዬ የምላት የሥጋ እህቴ ሆና አይደለም። አቡ ሐሊፋ፣ ባሕሩ አጠገብ ካሉት አሮጌ ፎቆች በአንዱ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ተከራይታ የምትኖር ያገሬ ሴት ናት። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ምንም አልቀራትም። ደሴ ውስጥ እናቷ ጠጅ ቤት ነበራቸው፤ እሷም ከጠጅ ጋን ሥር ነው ድክ ድክ ያለችው። ኩዌት ለብዙ ዘመን ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ የመጨረሻዋ ማዳም ስትሞትባት አቃማዋን የሚያድስላት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ያለ ወረቀት፣ ላገር ልጅ ወጥ እየሠራች ትኖራለች። ከተያዘች አሻራዋን ሰጥታ ያለ ሻንጣዋ ወደ አገር ነው። ስለዚህ ከቤት አትወጣም፤ እኛ ነን የምንሄድላት።

እሷ የምትሠራው ደግሞ እንደ ማንም ጠጅ አይደለም። በወጣትነቷ አዲስ አበባ አንድ የውጭ አገር ሰው ቤት ስታገለግል፣ ከእራት በኋላ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ ጣፋጭና ብርቱ የወይን ጠጅ ቀምሳ ልቧ እዚያው ቀረ። እንዴት እንደሚሠራም ጠይቃ ተረዳች። የወይኑ ጭማቂ እየተብላላ ሳለ፣ ስኳሩ ሳያልቅ አረቄ ይገባበታል፤ ያን ጊዜ መብላላቱን ያቆማል፣ ጣፋጭነቱ ይቀራል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። እሷ ይህንን በዘቢብና በቴምር ሠራችው። የመጠጥ ውሃ በሚመጣበት ትልቅ ጋሎን ትጠምቅና፣ በአሮጌ አባያ፣ በጥቁሩ የዐረብ ቀሚስ፣ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ስሙንም “ማሳረጊያ” አለችው፤ ከምግብ በኋላ ስለሚጠጣ።

ሰካራሞች አልነበርንም። ይህን ዐይኔን ግንባር ያርገው ብዬ እምላለሁ፤ ለእኔ ደግሞ ከዚህ የበለጠ መሐላ የለም። አዲስ ማሳረጊያ ሲከፈት የምንሰበሰበው እትዬ፣ እኔና አንድ ክሊኒክ የሚያጸዳ ጎጃሜ ነን። ጎጃሜው ምላሱ የማያርፍ ተረበኛ ነው። በትንንሽ የሻይ ብርጭቆ ቀድተን፣ አንዷን ብርጭቆ ከቀትር እስከ ማታ እያሸተትን፣ እየተጎነጨን፣ እየተከራከርንባት እንውላለን። “ቴምሩ ካምናው ይሻላል”፣ “አይ፣ ኋላ ላይ መረር ይላል”፣ “ዘቢቡ ትንሽ ተጠብሷል መሰለኝ።” የመጨረሻው ፍርድ የእትዬ ነበር። ዐይኗን ጨፍና ታሸትና የውሃውን ጋሎን በደንብ አለማጠቧን ሳይቀር ትነግረናለች። ያ አፍንጫዋ የጠጅ ቤት ልጅ አፍንጫ ነው፤ አይሳሳትም።

አንድ ሥርዓት ደግሞ ነበራት። ጠጅ አሳላፊ ለሰው ከመቅዳቱ በፊት ግራ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል። መርዝ ቢኖርበት መጀመሪያ እኔን ይድፋኝ ማለት ነው። “ቀምሶ የማያቀርብ አሳላፊ ከገዳይ አይለይም ትል ነበር እናቴ” እያለች፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ለሁለታችን ስትቀዳ እንኳ መዳፏን ሳትዘረጋ ቀድታ አታውቅም። እኔ ፈሪው የምጠጣው ያቺን መዳፍ አይቼ ነበር። ያቺ መዳፍ ባትኖር አንዲት ጠብታ ባፌ አይዞርም ነበር።

በሽታው ሲመጣ ሁሉ ነገር ቆመ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ መንገዱ ጭር አለ፤ አቡ ሐሊፋ ለእኔ ከደሴ እኩል ራቀች። ማዳም በር እጀታ በነካሁ ቁጥር እንደ እባብ ዞር በል ትለኛለች። ሰዓት እላፊው የተነሳው እንቁጣጣሽ ሊብት ሲል ነው። በዋዜማው ባባ፣ ማለት የቤቱ ጌታ፣ “ሂድ፣ ከዘመዶችህ ጋር አድረህ ጠዋት ና” ብሎ ፈቃድ ሰጠኝ። ከዚያ በፊት እትዬ በስልክ “ቀሚሱ ተሰፍቶ አልቋል” ብላኛለች። አረቄና ጠጅ እዚህ አገር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ስሙን በስልክ የሚጠራ እብድ ብቻ ነው። ቀሚስ ያልነው ማሳረጊያውን ነው።

ስንገባ ማስካችንን በሩ ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልን። ጎጃሜው እጁን እየዘረጋ፣ “እትዬ፣ ያ ያመጣሁልሽ ሳኒታይዘር የታለ?” አላት። ከሚያጸዳበት ክሊኒክ በውሃ ጠርሙስ ገልብጦ ያመጣላት ነበር።

“ለዚያች ልጅ ሰጠኋት። ማዳሟ የበር እጀታ ስታስወለውላት ነው የምትውለው። እናንተ በሳሙና ታጠቡ፤ ምን ጎደለባችሁ?”

ያቺ ልጅ የተባለችው እኔ በምነዳበት ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ሙስሊም ናት፤ መጠጥ ባፏ አይዞርም። እትዬ ጋ ይዣት ስመጣ የሚቀርብላት ያልፈላ የማር ብርዝ ነው። ሰዓት እላፊው በተነሳ ሰሞን ለአፍታ ይዣት መጥቼ ስንመለስ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ የውሃ ጠርሙስ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ። ውሃ ነው ብዬ ነበር።

ታጠብን፤ ተቀመጥን። ማድ ቤት ለበዓሉ ወጥ ሽንኩርት በቀስታ እሳት ተጥዷል። እትዬ ከሳ ብላለች፤ ግን በዚያ ዘመን ያልከሳ ማን ነበር? ጋሎኑን ከቁም ሳጥን እያወጣች፣ “ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ” አለችና ከአገር በነጠላ ጠቅልላ ያመጣቻትን አንዲት ብርሌ አወጣች። ቀዳች። ማሳረጊያው ቡናማ ሆኖ፣ መስኮቱ ላይ ሲያዩት ወደ ቀይ ይመታል። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች።

“እትዬ፣ በዚህ ዘመን መዳፍ መላስ በሕግ ያስቀጣል እኮ” አለ ጎጃሜው።

“ዝም በል፣ አንተ መናጢ!” ብላ ጠብ አደረገች፤ ላሰች። “እሰይ፤ ደርሷል” አለች። ለእኛም ቀዳችልን።

የመጀመሪያው ጉንጭ እንደ ማር ገባ። ከዚያ ወደ አፍንጫዬ ሽቅብ የሚወጣ ስል የሆነ ነገር ተሰማኝ። ጎጃሜውን አየሁት፤ እሱም ብርጭቆውን ራቅ አድርጎ እያየ ነው።

“አረቄው ትንሽ ጥሬ አልሆነም?” አለ።

“አዎ፣ ጥሬ ነው። አልበሰለም” አለች እትዬ።

“ቅርንፉድም ያለበት ይመስለኛል” አልኳት እኔ። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ያንን ስለት ምን ልበለው ብዬ ነው።

“አዎ፣ ትንሽ ቅርንፉድ ጣል አድርጌበታለሁ።”

ሁለተኛ ጉንጭ ወሰድኩ። ቅርንፉዱን ፈልጌ አጣሁት። እትዬ ብርጭቆዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዐይኗን ጨፍናለች፤ ግን እንደ ድሮው አታወራም። እኛ የምንለውን ጠብቃ ነው የምትደግመው። ጎጃሜው የብርቱካን ልጣጭ ሲል ብርቱካን ትላለች፤ ጭስ ሲል ጭስ። ለወትሮው ጎጃሜው አንድ ነገር ካለ ተቃራኒውን ካልተናገረች ቀኑ የሚመሽላት ሴት አልነበረችም።

ጭሱ ግን እውነት ነበር። ከማድ ቤት ነው የሚመጣው። ሽንኩርቱ አርሮ ክፍሉን እያፈነው ነው፤ ጎጃሜው ማሳል ጀምሯል። እትዬ የተቀመጠችው ከሁላችንም ይልቅ ለማድ ቤቱ በር ቀርባ ነው። ብርጭቆዋን እንደያዘች ፈገግ ብላ ታየናለች።

ሮጬ እሳቱን አጠፋሁ። የድስቱ ቂጥ ከሰል ሆኗል። ስመለስ ፊቷ ተለዋውጧል፤ የድስቱን ጭስ አሁን በዐይኗ አይታዋለች።

“እትዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?” አልኳት።

ብርጭቆውን አስቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች፣ እርቃኗን የያዝናት ይመስል። “አተኮሰኝ፤ ሁለት ሌሊት ነው የጣለኝ። ከዚያ ተሻለኝ” አለች በመጨረሻ። “ከዚያ ወዲያ ግን ምንም አይሸተኝም። በርበሬው አመድ ነው፤ ቅቤውም አመድ ነው። ደኅና ሆኜ ነው የጠራኋችሁ። ለበሽታው ደህና ነኝ።”

“ለምን ሐኪም ቤት…” ብሎ ጀመረና ጎጃሜው ራሱ አፉን ያዘ። ያለ አቃማ የምትኖር ሴት ለምርመራ ስሟን የት ታስመዘግባለች?

በሽታው ይይዘን ይሆን ብዬ የፈራሁት ለአፍታ ብቻ ነው። ምክንያቱም ጎጃሜው የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ድምፁ ውስጥ ተረብ አልነበረም።

“እትዬ፣ አረቄውን የጨመርሽበት ከመታመምሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ?”

“በኋላ።”

“አረቄው በምን ነበር?”

“በውሃ ጠርሙስ። እቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከ…” አለችና ቆመች።

ከምን ጋር እንደሆነ ሦስታችንም አወቅን። አረቄው በውሃ ጠርሙስ፣ ሳኒታይዘሩ በውሃ ጠርሙስ፤ ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ፣ ጎን ለጎን የቆሙ። አረቄው ከቴምር የወጣ፣ ከምታምናት ሴት የመጣ ነው፤ ዓመት ሙሉ ስትጠቀምበት የኖረችው ነው። በድሮዋ አፍንጫዋ ቢሆን ክዳኑን ስትከፍት ትለየው ነበር። አንዱን ማሳረጊያው ውስጥ ገለበጠችው፤ ሌላውን ለልጅቷ ሰጠቻት። የትኛውን የት? ባዶውን ጠርሙስ ከቆሻሻ ጋር ጥላዋለች።

“ያ ሳኒታይዘር አይጠጣም” አለ ጎጃሜው። “አለቃችን ሰብስቦ ነግሮናል። ከርካሹ ዓይነት ነው፤ ዐይን ያጠፋል ብሎናል።”

ሽንት ቤት ገብቼ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ሰድጄ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። የባባ መኪና ታች፣ ከባቃላው፣ ከትንሹ ሱቅ፣ ፊት ለፊት ቆማለች። ታርጋዋን አነበብኩ። ባቃላው ደጃፍ ላይ የተለጠፈውንም አነበብኩ። ጥርት ብሎ ይታያል። ግን የጀህራው ሰውዬም በተኛበት ምሽት ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታየው ነበር።

“ቶሎ አይታወቅም” አለ ጎጃሜው ከኋላዬ። “አድሮ ነው የሚይዘው።”

“አንተ አሁን ያልተጠየቅከውን አትናገር!” ጮኽኩበት። ደሜ ተንተክትኳል። “አንተ አይደለህ ያመጣኸው? በየቀኑ ስታሸተው ትውላለህ፤ አሁን ስትጠጣው አታውቀውም?”

“በየቀኑ ስለማሸተው ነው የማላውቀው! ልብሴም፣ ትራሴም እሱን ነው የሚሸተው። አፍንጫዬ ለምዶታል።” ዐይኑ እንባ አቅርሯል። ጎጃሜው ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እሱን ሳየው የእኔ ፍርሃት ባሰ።

እትዬ ተነሳች። ስልኳን አንስታ ወደ ጎጃሜው ዘረጋችና፣ “ለአምቡላንስ ደውል” አለችው። “ቁጥሩን ታውቃለህ፤ ደውል። እኔ የሠራሁት ነው ትላቸዋለህ። እናንተ እንግዶች ናችሁ።”

“እትዬ፣ አምቡላንሱ ብቻውን አይመጣም እኮ። ሹርጣም አብሮ ነው” አልኳት።

“ይምጣ። እኔ የሚወሰድብኝ ይቺ ክፍል ናት። አንተ የሚወሰድብህ ዐይንህ ነው።” ወደ ጎጃሜው ዞረች። “ምን ትጠብቃለህ? ደውል ብዬሃለሁ!”

እውነቱን ልናገር? ይደወል ማለት ፈልጌ ነበር። አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር። መጠጥ ጠጥቼ መገኘቴም፣ መታሰሩም፣ አገር መሸኘቱም ከጨለማ ይሻላል ብዬ አስቤ ነበር። ያቆመኝ ጀግንነት አይደለም። ድንገት ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። ጠርሙሱ እሷ ጋ ነው። ሳኒታይዘሩን የጠጣነው እኛ ከሆንን፣ እሷ በማዳም ቤት የበሩን እጀታ ሁሉ በአረቄ እየወለወለች ነው። ሙስሊሟ ልጅ፣ ሽታውን እንኳ የማታውቀውን ነገር። ያ ቤት አረቄ አረቄ ሸትቶ ማዳም ብትነቃባት “አላወቅኩም” ብትል ማን ይሰማታል?

“ቆዩ፤ ልጅቷ ትንገረን” አልኩ።

ወደ ስልኳ ደወልኩ፤ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። የማዳም እህቶች ለእራት ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ እንግዳ ሲኖር ስልኳ ክፍሏ ነው የሚውለው። ነድቼ እንዳልሄድ፣ ትንፋሼ ማሳረጊያ ይሸታል፤ ዐይኔስ መንገድ ላይ ቢከዳኝ? እትዬ ስልኩን ከጎጃሜው እጅ ወስዳ ራሷ ለመደወል መነካካት ስትጀምር፣ እኔ ደግሞ በሕይወቴ ያላደረግኩትን አደረግኩ። ወደ ማዳም ስልክ ደወልኩ።

“ምን ሆንክ? መኪናውን አጋጨኸው?” አለችኝ ገና ሳልናገር፣ በዐረብኛ።

“አላጋጨሁም ማዳም። ልጅቷን ፈልጌ ነው። ጠዋት ስመጣ ከጀምዒያ ሱቅ ምን እንደምገዛ ልጠይቃት።”

“በፈቃድህ ቀን ከመቼ ወዲህ ነው ለጀምዒያ የምትጨነቀው?”

ምን ልበላት? “በዓል ነው ማዳም፤ እንዳልረሳው ብዬ ነው” አልኩ። ልጅቷን ስትጠራት ሰማሁ።

“አቤት፣ አያ?” አለች ልጅቷ።

ደግነቱ ማዳም አማርኛ አትሰማም። “እታለም፣ እንዳትደነግጪ። ማዳም አጠገብሽ ናት?”

“አዎ፣ ታየኛለች።”

“እትዬ የሰጠችሽ ጠርሙስ የት ነው?”

“እዚሁ ማድ ቤት ነው። ምነው?”

“ክፈችና አሽችው። ምን ይሸታል?”

ክዳኑ ሲዞር ሰማሁ። እትዬና ጎጃሜው ጆሯቸውን ከስልኩ ጋር አጣብቀዋል፤ የጎጃሜው ትንፋሽ አንገቴን ይመታል።

“ምንም አይሸትም” አለች።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ “የፈሩት ይደርሳል” አለች በሹክሹክታ፣ ለራሷ።

“እንዴት ምንም? ደኅና አድርገሽ አሽቺ እንጂ!”

“ማስክ አድርጌ ነው፣ አያ። እንግዶች ስላሉ እንዳወልቅ አትፈቅድልኝም። ቆይ እስኪ።” ማዳም በሩቁ ምን እንደምታደርግ ስትጠይቃት ሰማሁ፤ ስለ ክሎሪን መለሰችላት መሰለኝ። ከዚያ አስነጠሰች።

“ኡፍ! ይሄ መርፌ ሊወጉ ሲሉ ክንድ የሚጠርጉበት ጥጥ ነው የሚሸተው። ክትባት ቦታ። ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል?”

“ቴምር አይሸትም? ጣፋጭ ነገር?”

“ምን ቴምር አመጣው? ሐኪም ቤት ነው ያልኩህ። አያ፣ ታመሃል እንዴ?”

“አልታመምኩም። አላህ ያክብርሽ፣ እታለም። ጨው ነው ያነሰን በያት፤ ጨው እገዛለሁ።”

ሳኒታይዘሩ እሷ ጋ ነው። እኛ የጠጣነው አረቄውን ነው፤ ያው የምናውቀውን። ነፍሴ መለስ አለች። ጎጃሜው ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፍቶ ይስቃል ወይስ ያለቅሳል አልለየሁትም። “ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም” ይላል እየደጋገመ። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼም ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ታርጋውን አነበብኩ። ያን ምሽት እስኪጨልም፣ ከዚያም በባቃላው መብራት ስንቴ እንዳነበብኩት አላውቅም። አፍንጫ ይሳሳታል፤ ይህን ገና አሁን አይቻለሁ።

እትዬ አልሳቀችም። የተቃጠለውን ድስት ይዛ ማድ ቤት ቆማለች፤ ውስጡን እያየች፣ አፍንጫዋን ወደሱ ዝቅ አድርጋ። “ይሄ እንኳ አይሸተኝም” አለችኝ። “ቀምሼ ነበር እኮ። መዳፌ ላይ አድርጌ ቀምሼ፣ ደርሷል ብያችሁ ነበር። እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ ይሆን?”

አንጀቴን በላችው። ላጽናናት ብዬ፣ “መርዝ ቢሆን መጀመሪያ አንቺን ነበር የሚይዝሽ፤ ሥርዓቱን ጠብቀሻል” አልኳት።

“እሱስ የሞኝ ወግ ነው” አለች። “እኔን እስኪይዘኝ እናንተ ጠጥታችሁ የለ? ቀማሽ የሚቀምሰው ለመሞት አይደለም፤ ለማወቅ ነው።”

ጠዋት ዐይኔን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የክፍሏን ጣሪያ ስንጥቅ ነው። እንዲህ የሚያምር ስንጥቅ አይቼ አላውቅም። ለማዳም ጨው ገዝቼ ገባሁ፤ ጨው ቤት ሙሉ ነበርና ተሰደብኩ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ረጅም ጊዜ አልጠመቀችም። ሽታዋ ይመለሳል ተባለ፤ ሰው ዝንጅብል በይ፣ ሎሚ አቃጥለሽ ታጠኚ ይላት ነበር። አልተመለሰም። ወጥ የምትሠራው በልማድ ነው፤ በርበሬውን በእጇ ሚዛን፣ ጨውን በማንኪያ ለክታ። ድስት ጥዳ ከአጠገቡ አትነሳም። ቤቷ ያሉት ጠርሙሶች ሁሉ አንገታቸው ላይ የተለያየ ቀለም ጨርቅ ታስሮባቸዋል።

በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ፣ ክትባቱን ተወግተን ማስኩም ከፊታችን መውረድ ሲጀምር፣ ስልኬ ጮኸ። “ቀሚሱ ተሰፍቷል” አለችኝ። አልሄድም ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከድምፅዋ ደስታ የተነሳ አልቻልኩም።

ሄድኩ። ጎጃሜው ቀድሞኝ ተቀምጧል። ያቺ ልጅም አብራኝ መጥታ ብርዟን ይዛለች። ማድ ቤት የተጣደ ነገር የለም። እትዬ ብርሌዋን ሞልታ መጣችና ፊቴ ቆመች። እኔ መዳፏን ነበር የማየው፤ እንደ ሁልጊዜው።

“ምን ታያለህ? አንተ ነህ” አለች። “መዳፍህን ዘርጋ።”

ጎጃሜው ሊተርብ ጀምሮ ተወው። ያለ አፍንጫ የቀረችው እሷ፣ ለዐይኑ የሚፈራው እኔ፤ የሚቀምሰው ደግሞ ከሁሉም የፈራው። ለምን እኔን መረጥሽኝ ልላት ፈለግኩ። ግን ገባኝ። የማይፈራ ሰው አጣጥሞ አይቀምስም።

መዳፌን ዘረጋሁ፤ ጠብ አደረገችልኝ። አሸተትኩት፣ ደግሜ አሸተትኩት። ላስኩት።

“ምን ይሸታል?” አለች። ዐይኗን ጨፍናለች፣ እንደ ድሮው።

“ቴምር። የተጠበሰ ዘቢብ። ከሥሩ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ አለው፤ እውነተኛ ብርቱካን፣ ያንቺ የውሸት ብርቱካን አይደለም።”

ፈገግ አለች፤ ዐይኗን ግን አልገለጠችም። “አረቄውስ?”

“በስሏል።”

“ሌላ?”

“ጋሎኑን በደንብ አላጠብሽውም።”

ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። ጎጃሜው ብርጭቆውን ዘረጋ። እሷ ግን ብርሌዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ አመለከተችኝ። ሄድኩ። የባባ መኪና ታች ቆማለች። ታርጋዋን ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ከዚያ በኋላ ነው ለጎጃሜው የቀዳችው።